ከመመሪያው የተሰረዙት አርባ ሦስት መስመሮች

ስህተቱ ከመታወቁ በፊት በጨረቃ ጣቢያ የመዳብ ክፍል የነበረው ሁኔታ ይህ ነው፦ የአሲዱ ሙቀት ሃያ ዲግሪ፣ የተበላሹ ሰሌዳዎች አሥራ አንድ፣ ከሥራ የታገደ ሰው አንድ። የታገዱት አሲድ ቀማሚው ጋሽ ላቀው ነበሩ፤ በማግሥቱ ወደ ምድር ይሸኛሉ። ያሳገደቻቸው ቴክኒሻኗ ውብአንቺ ናት።

የፀሐይ ማዕበል የኮምፒውተር ማኅደርን ስለሚያጠፋ ጣቢያው የአየር ቱቦዎቹን ካርታ በመዳብ ላይ ያኖራል፤ መብራት ቢጠፋ በጣት ዳሰሳ እንዲነበብ። ሥራው የ«ነካሽ» ነው፦ ሰሌዳውን በሰም ለብጦ፣ ሰሙን በመርፌ ጭሮ አሲድ ውስጥ የሚነክር ማሽን። አሲዱ የተጫረውን ቦታ ብቻ ይበላል። ውብአንቺ ማሽኑን ያስተማረችው ከጥንት መዳብ ቀራጺዎች መመሪያ ነው። እስካለፈው ወር ግን ሰሌዳውን ከአሲድ የሚያወጡት ጋሽ ላቀው ነበሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እያየች ከባልደረቦቿ ጋር ትስቅባቸው ነበር።

ማሽኑ ማውጣቱንም ሲረከብ መስመሮቹ እየሰፉ ተገናኙ። «አሲዱ ሳይበረታ አልቀረም፤ የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል» ብላ ሪፖርት ጻፈች።

ያን ቀን ቀትር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሲዱን ራሷ ለካችው። ብርታቱ ትክክል ነበር። የመመሪያውን ዋና ቅጂ አውጥታ አነበበች፦ ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ አኑር፤ አባታችን ሆይን ረጋ ብለህ ሦስት ጊዜ ድገም፤ አውጣ። ማሽኑ የያዘው ቅጂ ውስጥ የመሐሉ ሐረግ የለም። «ለሥራው የማያስፈልግ» ብላ እንዲህ ያሉ አርባ ሦስት መስመሮች የሰረዘችው ራሷ ናት። ቀራጺዎቹ የእጅ ሰዓት አልነበራቸውም፤ ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነበር። ጊዜ ያልተነገረው ማሽን በራሱ ግምት አሥር ደቂቃ ነክሮታል።

ጋሽ ላቀው ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ላቀው፣ ሰሌዳ ሲያወጡ የሚሉት ምን ነበር?»

«የቀረሽ ሳቅ አለ እንዴ?»

«አልስቅም።»

«ሦስት ጊዜ አባታችን ሆይ። አስተማሪዬ ያስለመደኝ ነው። ሰዓት ካየሁ እቸኩላለሁ።»

«አሲዱን አላበረቱትም።»

«አላበረታሁትም። ብዬም ነበር። ግን የሚነበበው ያንቺ ጽሑፍ ነው።»

ፊቷ ጋለ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ጀምራ ሳትጨርሰው ወጣች።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሰሎሜ ሰማቻትና፣ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው በያ» አለቻት። መውጫ መንገድ ነበር። ውብአንቺ ወለሉን እያየች፣ «እኔ ነኝ። ሰውየውንም የወነጀልኩት ሳልለካ ነው» አለች።

«ታዲያ ለማሽኑ ስንት ደቂቃ እንንገረው?»

ይህን መመሪያው አይናገርም። ስለዚህ ጋሽ ላቀውን አስጠርተው ሁለት ሰሌዳ ነከሩ። ለመጀመሪያው ጋሽ ላቀው ደገሙ፤ ሁለት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ፈጀ። ለሁለተኛው ውብአንቺ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደገመች፤ አርባ ስምንት ሰከንድ።

በጣት ለመነበብ ቢያንስ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ጥልቀት ያስፈልጋል። የጋሽ ላቀው ሰሌዳ 0.11 ሆነ። የእሷ 0.04።