ሐይቁ ዳር የቆመው ካሜራ

መምህር ሙዘይን ከሐይቁ ደንገል በላይ ባለችው ከፍ ያለች ዳርቻ ላይ በጀርባው ወድቆ ተገኘ። ጥይት ደረቱን መትቶታል። ካሜራው ግን አልወደቀም። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ እንደተተከለ፣ ክንድ የሚያህለው ጥቁር ሌንስ ወደ ውሃው እንዳፈጠጠ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ተሻለች ከደሴ ተጠርታ ሐይቅ ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር። ገዳይ ነኝ ያለው ሰው እጁን ሰጥቷል።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ኸሚስ። ጢማቸው የሸበተ የአካባቢው ሚሊሻ ናቸው። «ጧት ጉም ነበር። ኮረብታው ላይ ጥበቃ ቆሜ ሳለሁ ከታች ረጅም ጥቁር ነገር ወደ እኔ ሲዞር አየሁ። መትረየስ መሰለኝ። ወላሂ፣ ጠላት መሰለኝ፤ ተኮስኩ።»

«ወደ እርስዎ ዞሮ?»

«አዎ እታለም። ልክ ወደ እኔ።»

ለማመን የሚከብድ ቃል አልነበረም። ጦርነቱ ከከተማዋ ቢወጣም ፍርሃቱ አልወጣም። በር ሲንኳኳ አሁንም የሚደነግጠው ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያን ሌንስ ተሸክሞ መዞር እንደማይበጅ ለሙዘይን ያልነገረው ሰው የለም። አገሬው ለሟቹ እያለቀሰ ለአያ ኸሚስም አዘነ።

ተሻለች ካሜራው አጠገብ ተንበረከከች። የማቆሚያው እግሮች እርጥቡ አፈር ውስጥ ጠልቀው ገብተዋል፤ ተነቅለው የተተከሉበት ምልክት የለም። የሌንሱ ማዞሪያም ጥብቅ ተደርጎ ተቆልፏል። ዓይኗን አስጠግታ ብታይ ውሃ ብቻ ነው። ኮረብታው ያለው ከጀርባዋ ነበር።

አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ስትጠይቀው፣ ጥይቱ ከደረቱ ግርጌ ገብቶ በትከሻው በኩል መውጣቱን ነገራት። አመስግናው ሄደች።

የሟች ሚስት አሚናትን ለቅሶ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም።

«አላህ ይርሐመው። ምን ፍለጋ ነበር የወጣው?» አለች ተሻለች።

«ወፎቹን። በተኩሱ ጊዜ ሸሽተው ነበር። የትኞቹ እንደተመለሱ፣ የትኞቹ እንደቀሩ ማወቅ ፈልጎ በየጧቱ ይሄዳል። አዲስ ያየ ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ ይበራል።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ሰላምታ የነሱት ነበሩ። በሌንሱ ለመድፈኞቹ ምልክት ሰጥቷል ተብሎ ታማ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ማን ያላለ አለ?»

ተሻለች ወደ አያ ኸሚስ ግቢ ወረደች። አማቻቸው ኡበይድ ዓሣ አስጋሪ ነው። ሚስቱ ዋሲላ፣ የአያ ኸሚስ ልጅ፣ ከተማዋ በመድፍ በተደበደበች ዕለት ሞታለች። ቤቱም ስለፈረሰ ትንሿን ልጁን ኢንሳፍን ይዞ ከአማቱ ጋር ይኖራል። ሐይቁ ዳር ልጅቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መረብ ሲጠግን ደረሰችበት። ጥቂት ነጫጭ ፔሊካኖች በቅርብ ይንሳፈፋሉ።

«ሙዘይን የሞተ ዕለት ሐይቁ ላይ ነበርክ?»

«አልወጣሁም። ልጄን አሟት ነበር።»

«እነዚህስ? ሰው አይፈሩም እንዴ?»

«ይፈራሉ። የኔን ታንኳ ግን ያውቁታል፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ እጥልላቸዋለሁ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይመጣሉ።» ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «ሌላ ታንኳ ሲመጣ ብር ብለው ነው የሚጠፉት።»

«ከሙዘይን ጋር ትተዋወቁ ነበር?»

ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ። «አብረን ነው ያደግነው። ድሮ በታንኳዬ አዞረው ነበር።»

ተሻለች መኪናዋ ውስጥ ገብታ በካሜራው የተነሱትን የመጨረሻ ፎቶዎች ደጋግማ አየቻቸው። ከዚያ ሁሉም አሚናት ግቢ እንዲሰበሰቡ ላከች።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አሚናትና ለቀስተኞቿ፣ አያ ኸሚስ በፖሊስ ታጅበው፣ ኡበይድም ኢንሳፍን አቅፎ ተቀመጡ። የደጁ ነፋስ ሸራውን ያራግበዋል።

«አያ ኸሚስ» አለች ተሻለች፣ «ሌንሱ ወደ እርስዎ አልዞረም። ሙዘይን ጥብቅ አድርጎ የቆለፈው ወደ ውሃው ነው፤ ማቆሚያውም ከቦታው አልተነቃነቀም።»

«በጉሙ ተሳስቼ ይሆናል። ጠመንጃው ግን የኔ ነው!»

«ጠመንጃውስ የእርስዎ ነው። የተኮሱት ግን እርስዎ አይደሉም። ከኮረብታ የተተኮሰ ጥይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሙዘይንን የመታው ግን ከታች ወደ ላይ ነው የወጣው። እሱ ከቆመበት በታች ያለው ደግሞ ውሃው ነው። የተኮሰው ሰው ታንኳ ላይ ተቀምጦ ነበር።»

«ሐይቁ ላይ የሚወጣ ብዙ ነው» አለ ኡበይድ።

«ብዙ ነው። ስለዚህ የማንን ታንኳ እንዳየ ሙዘይንን ጠየቅሁት።» ካሜራውን አንስታ ለሁሉም አሳየች። «ፔሊካኖቹ ተረጋግተው ነበር። እዚህ ላይ ሁሉም አንገታቸውን አንድ ወገን አዞሩ። እዚህ ደግሞ ተሰልፈው ወደዚያው ይቀዝፋሉ። ከዚህ በኋላ ፎቶ የለም። የመጣባቸውን አልሸሹም ኡበይድ፤ ሊቀበሉት ነው የሄዱት። ሌላ ታንኳ ቢሆን ይጠፉ እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ። የአያ ኸሚስ ጠመንጃ ደግሞ የሚያድረው አንተ ባለህበት ቤት ነው።»

አያ ኸሚስ ሊነሱ ሲሉ ፖሊሱ ትከሻቸውን ያዘ። ኡበይድ ልጁን ቀስ አድርጎ ከጭኑ አወረደ።

«ዋሲላን ያስገደላት እሱ ነው» አለ። «ያን ቀን በሌንሱ ተራራውን ሲያይ አገር አይቶታል። ወዲያው መድፉ ጀመረ። እኔ ውሃ ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ቤቴ የለም። ጠመንጃውን ይዤ የሄድኩት ላናግረው ነበር። ‹ለምን?› ልለው። ሲያየኝ ካሜራውን ትቶ ቀና አለ። እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ። እንደ ድሮው። ያን ሳይ... ተኮስኩ።»

አሚናት ብድግ አለች።

«ተራራውን ያየው ንስር ሲከተል ነው» አለች። «ንስሩ ባለፈበት መድፍ ሲተከል አየ። ካሜራውን እዚያው ትቶ በየደጁ ሮጠ፤ ‹ውጡ፣ ወደ ውሃው ውረዱ› እያለ። የሰማው ዳነ። ጎረቤታችን ሱሩር ከነልጆቹ ዳነ።» ወደ አያ ኸሚስ ዞረች። «እናንተም ደጅ ቆሟል። ነግሮኛል።»

ኡበይድ አማቱን ተመለከታቸው። «አያ?»

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

«አያ ኸሚስ» አለች ተሻለች ዝግ ብላ፣ «ጥፋቱን በራስዎ ላይ የወሰዱት ልጅቱ አባት እንዳታጣ መስሎኝ ነበር።»

«እሱም ነው» አሉ ከጨርቁ ስር። «ያን ቀን ልጄ ቤት ነበርኩ፤ ሙዘይን መጥቶ ነበር። ዋሲላ ነጠላዋን ደርባ ልትወጣ ተነሳች። ‹ወፍ ሲከተል የሚውል ሰው ስለ ጦር ምን ያውቃል፣ ተቀመጪ› ያልኳት እኔ ነኝ። ኢንሳፍን ተቀብያት ጓሮ ወጣሁ። ከጓሮ ሳልመለስ ቤቱ ወረደ። ኋላ ሰዉ እሱን ሲያማ ሰማሁ። ሐሰት ነው ብል፣ ማን እንዳስቀራት ልናገር ነው። አቃተኝ። ሚስቴን አስገደላት እያለ አማቼ ከአጠገቤ ሲቃጠል ዝም ብዬ አየሁት።»

ኡበይድ አልጮኸም፤ አላለቀሰምም። «ሊነግረኝ ነበር?» አለ ወደ አሚናት። «ያን ጧት ሰላም ያለኝ... ሊነግረኝ ነበር?»

«አላውቅም» አለች። «አንተን ሲያነሳ ግን ክፉ ተናግሮ አያውቅም።»

ኡበይድ እጆቹን ራሱ ዘረጋ። ፖሊሱ ካቴናውን አሰረለትና ይዞት ወጣ። ኢንሳፍ ልትከተለው ስትል አያ ኸሚስ እጇን ያዙ። ተሻለች ቃላቸውን ዳግመኛ እንደሚሰጡ ነግራቸው ለዛሬ ወደ ቤታቸው ለቀቀቻቸው።

አያ ኸሚስ አሚናት እግር ስር ተደፉ። «አውፍ በይኝ ልጄ፤ ይቅር በይኝ። ለአላህ ብለሽ።»

አሚናት ወደ ኋላ ሸሸች። «አሁን አልችልም፣ አያ ኸሚስ። አልችልም።»

ሽማግሌው ተነስተው ልጅቱን ይዘው ከድንኳኑ ወጡ። መራመድ ስላቃታቸው ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ከሐይቁ እየተነሳ መንደሩን ሊሸፍነው ነው። ለቀስተኞቹ ወደ እነሱ ማየት ፈርተው አንገታቸውን ደፍተዋል።

አሚናት ሸራውን ገለጥ አድርጋ ለብዙ ጊዜ ተመለከተቻቸው።

«ልጅቱን ብርድ ላይ አያስቀምጧት» አለች በመጨረሻ። «ወደ ውስጥ ያስገቧት።»