የእማማ ሐዋ ደረቅ ሒና

«ለእጅ ነው ለፊት?» አለች ብሌን፣ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ እያነሳች።

«ልገዛ አልመጣሁም፤ ኢንስፔክተር ኃይለመስቀል እባላለሁ። እማማ ሐዋ ሞተዋል። ሐኪሙ መርዝ ነው ይላል፤ አንቺ የሸጥሽላቸው ቅባትም የተባይ መድኃኒት ይሸታል።»

ብሌን ቅባቱን ከግሊሰሪንና ከጽጌረዳ ውሃ የምታዘጋጀው ብቻዋን ነው። ማን ይመሰክርላታል?

«ብልቃጡ ላይ ግሊሰሪን ይላል፤ ይገድላል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ንጹሕ ከሆነ የሚቀባ ሰው አይጎዳም» አለች ብሌን። «በገዛ ቆዳችንም ውስጥ አለ። ሥራው ውሃ ስቦ መያዝ ነው፤ የነካው ነገር ቶሎ አይደርቅም።»

«ቶሎ አይደርቅም...» አለ ኢንስፔክተሩ። «ያው ቅባት ከሆነ ይሄን ብልቃጥ ይዘሽ ተከተይኝ።»

ከኤረር በር ወዲህ ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ አራቁ።

እማማ ሐዋ ቤት ውስጥ የወንድማቸው ልጅ ሐምዛ ጮኸባት። «ውበት ብላ ሞት የምትሸጥ! አክስቴ ለሠርግ የተቀባችው ሒና እንዲደምቅላት ያንቺን ቅባት ደረበችበት። ክዳኑን የከፈትኩላት እኔ ነኝ!»

ኢንስፔክተሩ ከሬሳው ላይ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። መዳፋቸው ላይ የተለጠፈው ሒና ተሰነጣጥቆ ፍራሹ ላይ ረግፏል።

ሒናውን የቀባቻቸው ጎረቤቲቱ ሳዳ ናት። ኢንስፔክተሩ ከእሷ የተረፈ ሒና ተቀብሎ ሳህን ላይ ሁለት ቦታ ለጠፈ፤ አንዱ ላይ የብሌንን ቅባት ደረበ። ከዚያ ሁሉም ጠበቁ። ከግቢው ውጭ የሰው ጫጫታ እየበዛ ሄደ። ብሌን ዓይኗን ከሳህኑ አልነቀለችም።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ኢንስፔክተሩ ሰበሰባቸው። አንዱ ሒና ተሰነጣጥቋል፤ ቅባት የነካው ግን እንደረጠበ ነው።

«የእማማ ሐዋ እጅ ቅባት አልነካውም» አለ። «እንግዲያው መርዙ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ለማሳበቢያ ነው። በቆዳ ካልገባ በአፍ ገብቷል። ሳዳ፣ እጁ በሒና የተያዘ ሰው እንዴት ይጠጣል?»

«ሰው ያጠጣዋላ፣ ጋሼ።»

«ትናንት ማን አጠጣቸው?»

ሳዳ ወደ ሐምዛ ዞረች። «ወላሂ፣ ወተቱን በእጁ ይዞ ያጠጣቸው እሱ ነው። ቤቱን አልሸጥም ብለውት ሲጨቃጨቁ ነበር የዋሉት፤ ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሐምዛ ወደ በሩ ተንደረደረ፤ ደጅ የቆመው ፖሊስ ያዘው።

እማማ ሐዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት ተቀበሩ። ብሌን ልጆቻቸውን ያራቁባትን እናቶች ሳታይ አልፋ ወደ ሱቋ ተመለሰችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።