ባዶ ክፍል ያስተማረ ድምፅ

መርማሪው የቋንቋ ላብራቶሪውን በር አልፎ ሲገባ መጀመሪያ ያየው የሟቿን ጫማ ነው። አንደኛው እግሯ ላይ፣ ሌላኛው ከወንበሩ ሥር። መምህርቷ በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ፊት እንደተቀመጠች ራሷ ወደ ጎን ወድቋል። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ከመሣሪያው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

ከፊቷ ሃያ የተማሪ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የአቧራ ሽፋናቸውን እንደለበሱ ናቸው። መርማሪው በመካከላቸው ቀስ ብሎ ተመላለሰ። የመምህርቷ ማይክሮፎንም ከነሽፋኑ ነበር። መሣሪያው ውስጥ ያለው የትምህርት ካሴት እስከ መጨረሻው ሄዶ ቆሟል፤ ጥግ ላይ ያለው የእነዚህ ካሴቶች ቁም ሣጥን ግን ተቆልፏል። በቦርሳዋ ውስጥ መስክ ወጥታ ራሷ የቀዳቻቸው ካሴቶችና አንድ መጽሐፍ አገኘ፤ የመጽሐፉ ደራሲ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ገጾቹ ዳር በእርሳስ የካሴት ቁጥሮች ተጽፈዋል።

«ብዙ አትድከም» አለው ቀድሞት የደረሰው የጣቢያው አዛዥ። «ቴክኒሻኑን ይዘነዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

አዛዡ እንዳስረዳው የጽዳት ሠራተኛዋ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደሩን ስታጥብ ነበር። ከበሩ በላይ ባለው ትንሽ መስኮት የመምህርቷን ድምፅ እስከ አራት ሰዓት ከአርባ ሰምታለች። ከዚያ ጸጥ አለ። ቴክኒሻኑ ደግሞ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ አዳዲስ ማዳመጫዎች ተሸክሞ መጣና በቁልፉ ከፍቶ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም ጮኸ። ከእሱ በቀር የገባም የወጣም የለም። ከትናንት በስቲያ መምህርቷ ዕቃ በጥንቃቄ አይዝም ብላ ከስሳው ተጣልተው ነበር። ሐኪሙ ዘግይቶ ስለደረሰ የሞቷን ሰዓት ለይቶ መናገር አልቻለም።

ቴክኒሻኑ እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የቆየው ትንፋሽ ይኖራት እንደሆነ ሲያዳምጥ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ሚስቴ ወሯ ገብቷል» አለ። «ከሰው አፍ እንዳትሰማ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ የሚስቱ እናት ናት። በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ እጇን በቀሚሷ ታብሳለች፤ እጇ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

«እውነቱን ተናግሬ የልጄን ባል አሳሰርኩት። ታዲያ ልዋሽ?»

«አይዋሹ እማማ። የሰሙትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ድምፅዋን ነዋ፣ ልጄ። አንድ ነገር ትላለች፣ ዝም ትላለች፤ በዝምታው መሐል እኔ እደግመዋለሁ።» አፍራ አቀረቀረች። «አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ በር ሥር ነኝ። ትርጉሙን አልጠይቅ፤ አፌ ግን ይዞታል። ልጄ ‹ፕሮፌሰሯ› እያለች ትስቅብኛለች።»

«ዛሬም ደገሙት?»

«ደገምኩት እንጂ። ልክ ስጨርስ ትቀጥላለች። አንዴም አልቀደመችኝ።»

መርማሪው መጻፉን አቆመ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በቢሮው ተቀበለው። ትሑት፣ ንግግሩን የሚመርጥ ሰው ነው። አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ ከፍቶ ጩኸት እስኪሰማ ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር እንደነበረ፣ ከመግባቱ በፊትም በላብራቶሪው በር ሲያልፍ ድምፅዋን ሰምቶ እንዳይረብሻት ዝም ብሎ እንደሄደ ተናገረ። የትምህርት ካሴቶቹ ቁም ሣጥን ስንት ቁልፍ እንዳለው ሲጠየቅ ሁለት ነው አለ፤ አንዱ ቴክኒሻኑ ዘንድ፣ ሌላው እሱ ዘንድ።

«ለሰው አውሰው ያውቃሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

ወጣቱ ረዳት መምህር ጥላቻውን አልደበቀም። ሟቿ በሥራ ግምገማው ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥታዋለች። ግን ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር የስብሰባውን አዳራሽ ሲያሰናዳ፣ ከዚያም ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ነበር። «እሱም ሥራ ከሆነ» ብሎ አሾፈ። «ገና ስብሰባው ሲከፈት ሦስተኛውን አጀንዳ ሰርዝ ተባልኩ። አራት ተኩል ላይ እሷ መጥታ የምታቀርበው ነበር፤ ስለ መስክ ቅጂዎቿ።»

«ማን ነው ሰርዝ ያለህ?»

«ኃላፊው ናቸዋ።»

መርማሪው ከዚያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄደ። ግምጃ ቤት ጠባቂው መዝገቡን ገልጦ አሳየው፤ ቴክኒሻኑ ከሦስት ሰዓት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት ከአርባ ከአጠገቡ ሳይለይ ማዳመጫ ሲፈትሽ ነበር፤ የቁልፍ ዘለላውም ወገቡ ላይ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪው ሁሉንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ወንበሩ ግን እንደነበረ ነው። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰና አጫወተው።

የሟቿ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ ዝምታ። ከበሩ አጠገብ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳታስበው በለሆሳስ ደገመችው። ድምፁ ቀጠለ፤ እሷም ደገመች። በመካከል ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ዛሬ ጠዋት የሰሙት ይሄንን ነው?»

«ይሄንኑ ነው፣ ልጄ።»

መርማሪው የካሴቱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ወደ ተሰብሳቢዎቹ ዞረ። «ዛሬ እዚህ ተማሪ አልነበረም፤ የጠረጴዛዎቹ ሽፋን አልተነሳም። ድምፅዋን ትቀዳ ነበር እንዳንል ማይክሮፎኑም እንደተሸፈነ ነው። ሰው ለባዶ ክፍል እየጠበቀ አያስተምርም፤ ተማሪ እንዲደግም በልኩ እየቆመ የሚጠብቀው ካሴት ነው። የካሴቱ አንድ ፊት አርባ አምስት ደቂቃ ነው። አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ካለቀ፣ የተጀመረው ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ኮሪደሩ ገና ባዶ ሳለ ነው። ያኔ ሞታለች። ማዳመጫው ከመሣሪያው ስለተነቀለ ድምፁ በማጉያው ወጣ፤ በሩ ደግሞ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል።»

አዛዡ ቴክኒሻኑን አየ። መርማሪው አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ ያኔ ግምጃ ቤት ነበር፣ ከነቁልፉ። ረዳት መምህሩ አዳራሽ ነበር። በሕይወት ያለች እንድትመስል የተከፈተው ካሴት የሚወጣው በቁም ሣጥኑ ቁልፍ ብቻ ነው። የቀረው ሁለተኛው ቁልፍ ነው፤ እሱም ከኪስ ወጥቶ አያውቅም።» ወደ ኃላፊው ቀረበ። «አራት ተኩል ላይ የምትመጣን ሴት አጀንዳ አራት ሰዓት ላይ ሰረዙ። እንደማትመጣ ያውቁ ነበር። ሠላሳ ዓመት እነዚህን ካሴቶች ሲሰሙ ኖረው ዝምታው አልታይዎ አለ። መጥረጊያ የያዘች ሴት ግን ሰማችው።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጠረገ፤ መልሶ ግን አላጠለቀውም።

«ጡረታ እስክወጣ ሁለት ወር ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት» አለ። «መጽሐፉ ከእሷ ካሴቶች እንደተቀዳ በሁሉ ፊት አሰማለሁ አለችኝ። ማዳመጫዋን አጥልቃ ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

አዛዡ ካቴናውን ከቴክኒሻኑ እጅ ፈትቶ በኃላፊው እጅ አሰረ። ቴክኒሻኑ የአማቱን ትከሻ ጨብጦ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሌሎቹም ተራ በተራ ወጡ። ካሴቱን የሚያጠፋው ሰው አልነበረም።

የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ድምፁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረና ጠበቃት። አፏን ከፈተች፤ ግን አልወጣላትም። ልኩ ሲደርስ ድምፁ ወደሚቀጥለው አለፈ።