አምበሏ ከለከለችኝ ይበሉ

«ተሳፈሩ እንጂ፣ ሰዓት ሄደብን» አለ አሠልጣኙ ቲቸር አካለ ወልድ፣ የአይሱዙውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ።

ማንም አልተነቃነቀም። ልጆቹ ሁሉ የሚያዩት የትናየትን ነበር። የቢቸና ትምህርት ቤት ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አምበል እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ሞጣ ላይ የዞን ማጣሪያ አለባቸው፤ ካልደረሱ በፎርፌ ይሸነፋሉ። ደብረ ወርቅን አልፈው እዚህ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ግን መኪናው ቆመ። ድልድይ የለውም። በበጋ ጎማ እንኳ በቅጡ የማያርሰው ውሃ ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል።

ገና እንደደረሱ የትናየት ከውሃው ጫፍ ላይ እንጨት ተክላ ነበር። «ውሃው ከዚህ ከሸሸ መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ ነኝ። እንጨቷን ካለፈ ግን ማንም አይሳፈርም» ብላ ለልጆቹ ተናገረች። ጭቅጭቁ ሳይጀመር መወሰን የፈለገችው ራሷን ስለምታውቅ ነው፤ ሰው ሲጮህባት ሐሳቧ ይበታተናል። አሁን ውሃው እንጨቷን አልፎ አንድ ክንድ ያህል ወዲህ መጥቷል።

«ጋሽ ፋንታ፣ ያሻግራል አያሻግርም?» አለ ቲቸር ወደ ሾፌሩ ዞሮ።

«እኔ ስንቱን ተሻግሬያለሁ» አለ ፋንታ። ሲናገር የሚያየው ጎማውን እንጂ ወንዙን አልነበረም።

«ባዶውን ነው ወይስ ሰው ጭነው?» አለች የትናየት።

ፋንታ ዞሮ ጋቢና ገባ።

«አምበል ያልኩሽ ኳስ እንድትጫወቺ ነው» አለ ቲቸር። «መንገድ ትራንስፖርት አላደረግኩሽም።»

ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። በረኛዋ ሪሃብ አልሳቀችም። የትናየትን በክንዷ ይዛ ፈንጠር አደረገቻት።

«አክስቴ ሞጣ ሜዳው ድረስ መጥታ ትጠብቀኛለች። እውነቱን ንገሪኝ፣ የአምናው ቂም ነው አይደል?»

አምና ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ የትናየት ተሳፍራ ተቀምጣ ነበር። ቲቸር ሰው ሁሉ እያየ አወረዳት፤ በእሷ ቦታ ኳስ ነክታ የማታውቅ የባለሥልጣን ልጅ ተቀመጠች። እንዲህ ያለውን ነገር የሠራው ሰው በማግሥቱ ይረሳዋል። የተሠራበት አይረሳም። «እርሺው፣ ምን አለበት» የሚሏትም አንድ ቀን ከመኪና ወርደው የማያውቁት ናቸው።

ቲቸር የምወደው ሰው ቢሆን ኖሮስ፣ ስትል የትናየት ራሷን ጠየቀች። እሳፈር ነበር? አልሳፈርም። ልጆቹንም አላሳፍርም።

«ቂሙ አለ» አለቻት። «ውሃውም አለ።»

ቲቸር ደረሰባቸው። «ጨርቁን ፍቺ። ከአሁን ጀምሮ አምበሏ ሪሃብ ናት።»

የትናየት የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዷ ፈትታ ለሪሃብ ሰጠቻት። ሪሃብ ያዘችው እንጂ አላሰረችውም።

«ጨርቁን ሰጥቻለሁ ቲቸር። ውሃው ሳይጎድል ግን መኪናው ሰው ጭኖ አይገባም።»

ቲቸር ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አየ። ኔትወርክ የለም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔስ ትምህርት ቤት ምን ልበላቸው? በኋላ የሚጠየቀው ማን ሆነና?»

የፈራው ወንዙን እንዳልሆነ የትናየት ያን ጊዜ ገባት።

«አምበሏ ከለከለችኝ ይበሉ። ዳይሬክተሩ ፊትም እኔው እናገራለሁ።»

«ከቡድኑ ትባረሪያለሽ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ፋንታ ሞተሩን አስነሣ። የትናየት ተራምዳ ከመኪናው ፊት መንገዱ መሀል ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ የልጆቹ ሹክሹክታና የእግር ኮቴ ይሰማታል። ወደ መኪናው ይሁን ወደ እሷ መለየት አልቻለችም። ዞራም አላየች።