ድምፁን ያነሳችው ጣት

የባንዱ ጊታሪስት አፉ ዝምተኛ፣ ጣቱ ለፍላፊ ነበር። ስለዚህ «ዝምታው» ይሉታል። እሱ ጎልቶ የሚጫወትበት የሶሎው ተራ ሲደርስ ድምፅ የምታጎላውን ትንሿን የቡስት ፔዳል በእግሩ ይረግጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ ጊታሩ ከከበሮውም ከኪቦርዱም በላይ ይሰማል። ይህን የምታደርግለት ፔዳሏ ትመስለው ነበር።

እውነቱን የምታውቀው ድምፅ የምትቆጣጠረው ልጅ፣ የባንዱ መሪ ታናሽ እህት ብቻ ናት። ዝምታው ቡስቱን የሰካው ከኦቨርድራይቩ በፊት ነው። ኦቨርድራይቭ ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል ነው፤ አንዴ ጢም ብሎ ከሞላ፣ ከፊቱ የሚጨመርለት ጉልበት ሻካራነቱን ያባብሰዋል እንጂ ድምፁን አያነሳውም። የምታነሳው እሷ ነበረች፤ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ፣ ቀስ ብላ፣ በአንድ ጣት።

መጀመሪያ ልትነግረው አስባ ነበር። ግን ሶሎውን ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ ወደ እሷ ነው የሚያየው። ያቺን እይታ ላለማጣት ስትል ዝም አለች። ፍቅር ይዟታል፣ ምን ታድርግ!

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ገመድ ስትጠቀልል አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«የከተማው ትልቁ ባንድ ለነገ ጠርቶኛል። አዳራሻቸው ሄጄ ልፈተን ነው።»

«የራሳቸው የድምፅ ሰው አላቸው?»

«አላቸው። ምነው?»

ብትናገር ፈተናውን አልፎ ይሄዳል፤ ዝም ብትል ሰው ፊት ይዋረዳል።

«እስቲ ሶሎህን ተጫወት» አለችው፣ እጆቿን አጣምራ። «እኔ ሚክሰሩን አልነካም።»

ተጫወተ። ቡስቱን ረገጠ። ጊታሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጎረነነ እንጂ ከፍ አላለም። ደግሞ ረገጠ። ያው ነው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?»

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው። የማነሳልህ እኔ ነበርኩ።»

ፊቷ እየጋለ ተንበረከከች። ገመዶቹን ነቅላ ኦቨርድራይቩን አስቀደመች፣ ቡስቱን ከኋላው ሰካች። አምፕሊፋየሩም በራሱ እንዳያሻክር ጌን የሚባለውን የጉልበት መቆጣጠሪያ ቀነስ አደረገችለት።

«አሁን ድምፁ የሚነሳበት ቦታ አለው። ሞክረው።»

ረገጠ። ጊታሩ ያለ ማንም እርዳታ ብድግ አለ። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ መሄዱ ትዝ አላት።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህማ ሶሎህን ስትጨርስ ወደ እኔ ማየትህን ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

ዝምታው ጊታሩን አውርዶ አስቀመጠና በመጨረሻ እንደምንም ቃል ወጣለት።

«ድምፁን ማን እንዳነሳው መች አወቅኩና? አንቺን ያየሁት አንቺን ልይ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን እንዳዘለ መጣ። መሪው ከበሮውን እያጠበቀ ነበር።

«ጋሼ፣ ወሰዱኝ።»

«እንኳን ደስ አለህ! ቅር ቢለኝም ሂድ፤ ዕድልህ ነው።»

«ሌላም ጉዳይ ነበረኝ…» አለና ወደ ሚክሰሩ ተመለከተ። እህትየዋ አንገቷን ደፍታ፣ የተጠቀለለውን ገመድ ፈትታ እንደገና ትጠቀልላለች።

መሪው አንዴ እሱን፣ አንዴ እህቱን አየና መቀመጫው ላይ ዘፍ አለ።

«ወይ ጉድ! እኔ የማጣው ጊታሪስት ብቻ መስሎኝ!»