በጨለማ የተሰማ ፉጨት

መብራቱ ሲበራ ሀብተጊዮርጊስ ቴፑ ላይ ተደፍቶ ነበር። ላየው የተኛ ይመስላል። ከእግሩ ሥር የቤቱ እመቤት የትርፌ የብረት ዘነዘና ወድቋል፤ ከጆሮ ግንዱ ደም ይወርዳል። ካሴቱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይዞራል፤ ከሞተ አርባ ዓመት የሆነው ዘፋኙ ጦናም በጎርናና ድምፁ ዘፈኑን ቀጥሏል።

ሻንቆ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት አቃተው። መብራቱ እንደጠፋ ይኸው ጦና ከካሴቱ ውስጥ «ማንም ከቦታው እንዳይነሳ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ሀብተጊዮርጊስ አልተነሳም። ከእንግዲህም አይነሳም።

ለእንግዳ ሰው የዚህን ጨለማ አመጣጥ መንገር ያስፈልጋል። በሰባዎቹ ማብቂያ ሶዶ ላይ «የዳሞታ መብረቅ» የሚባል የሮክ ባንድ ነበረ። ልጆቹ ፀጉራቸው የሣር ክምር፣ የሱሪያቸው ጫፍ የአስፋልት መጥረጊያ ነው። ጊታሩ ሲጮኽ ተበላ በምትባለው ከተማ ዳር የሚያርስ በሬ ቀንበሩን እንደተሸከመ ቆሞ ያዳምጥ ነበር ይባላል። የገሱባ ሰዎችማ በዚያ ሳምንት ዶሮዎቻችን ባለ ሁለት አስኳል እንቁላል ጣሉ ብለው እስከ ዛሬ ይምላሉ።

በመጨረሻው ትርኢታቸው ላይ የከተማው አዳራሽ መብራት ድርግም አለ። ዘመኑ ሰው ጨለማን የሚፈራበት ዘመን ነው፤ ሕዝቡ ተረጋግጦ ሊያልቅ ነበር። ጦና ያለ ማይክሮፎን «ማንም ከቦታው እንዳይነሳ!» ብሎ ጮኸ። ድራመሩ ሻንቆ ራሱ በጓሮ በር ሊሮጥ አንድ እግሩን አንሥቷል። ያኔ ከጨለማው መሐል ፉጨት መጣ፤ ሁለቴ ወደ ላይ ወጣና ሦስተኛው ላይ እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። «እኛ አለን፣ ምታ» የሚል ይመስል ነበር። ሻንቆ መታ። ሕዝቡ ዘፈነ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ በድራምና በጉሮሮ ብቻ ዘለቁት። ከሕዝቡ መሐል የተቀመጠው ጓደኛቸው ሀብተጊዮርጊስ ጭኑ ላይ ባስቀመጣት ባለባትሪ ቴፕ ሁሉንም ቀዳው። ከወር በኋላ ጦና በወባ ሞተ፣ ባንዱም ተበተነ።

ፉጨቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ከተመልካቾቹ አንዱ የነበረው መምህር እስራኤል «የኔ ነው» አለ። ሌላ ባለቤት አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ የክብር ወንበር የሚሳብለት ሰው ሆነ። ሻንቆም ቁርጥ ቤት ከከፈተ ጀምሮ ሻኛውን ለማንም ሳያስቀምስ ለእሱ ይቆርጣል፤ የዚያን ቀን እግሩን የያዘለት ያ ፉጨት ነውና።

በየዓመቱ ትርኢቱ በተደረገበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የቁርጥ ቤቱን የጓዳ ክፍል መስኮቶች በብርድ ልብስ ይጋርዱና ካሴቱን ያዳምጣሉ። መብራት የጠፋበት ቦታ ሲደርስ፣ በሩ አጠገብ የምትቆመው የሻንቆ ሚስት ትርፌ ማብሪያውን ታጠፋለች። ሻንቆ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጠረጴዛውን ይመታል፣ እስራኤል ያፏጫል፣ ሀብተጊዮርጊስ ከቴፑ ቀይ መብራት አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ካሴቱ ላይ ሕዝቡ በደስታ ሲጮኽ ትርፌ መልሳ ታበራለች። ዘንድሮ አንድ እንግዳ ነበራቸው፤ ስለ አሮጌ ባንዶች የሚያጠና ናኦል የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የነቀምቴ ልጅ።

ልትመረምር የመጣችው ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ ከደብረ ማርቆስ ተዛውራ ገና ወር አልሞላትም። ስለ ባንዱ የሚነግሯትን ሁሉ ሰማችና «እኔን እንኳን ሮክ፣ ክራርም ራሴን ያመኛል» አለች። ከዚያ ከሬሳው ይልቅ ሳህኖቹን ማየት ጀመረች። የሟቹ፣ የሻንቆና የናኦል ሳህን ላይ የቁርጥ ትራፊና እንደ እሳት የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አለ። አራተኛው ላይ ያለው ክትፎና ማንኪያ ነው፤ ዳጣው አልተነካም።

«ይሄ የማን ነው?»

ሻንቆ የመምህር እስራኤል መሆኑን ነገራት። ዘንድሮ ጨጓራዬን ብሎ ሻኛውን መልሶበታል። ሻንቆ ከልቡ ከፍቶት ነበር፤ በሶዶ ጨጓራውን ያመመው ሰው ቁርጥ ይቀንሳል እንጂ ክትፎ ውስጥ አይገባም።

እስራኤል ማዕዘኑ ላይ፣ ከተሰቀለው የቴፑ ድምፅ ማጉያ ሥር፣ ቀኝ ዓይኑን በመሐረብ ይዞ ያለቅሳል። ለዕድሜው ከሚገባው በላይ ያማሩ ጥርሶቹ ይታያሉ። ለኢንስፔክተሯ ከወንበሩ እንዳልተነሳ፣ እንደ ወትሮው እንዳፏጨ፣ ሁሉም እንደሰማው ነገራት። ሻንቆም ትርፌም ፉጨቱን መስማታቸውን አረጋገጡ። ናኦል ደግሞ መስማቱን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንም ጠቆመ።

«ከመምህር ማዕዘን ነው የመጣው። አንድ ፉጨት። ፀጉሬ ነው የቆመው» አለ።

«አንድ?» አለች ዓመለወርቅ።

«አንድ።»

የሻንቆ ተራ ደረሰ። ፍርሃቱ ሁለት ነበር። አንደኛውን እንደምንም አወጣው፤ ሲደነግጥ ደግሞ አማርኛው ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል።

«ጦና ናት የመታችው፣ ልጄ። ተናዳ ነው የመጣችው።»

«ጋሽ ሻንቆ፣ ጦና ሞቷል አላላችሁኝም?»

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራው። አንድ ምት በዛ። ጠረጴዛውን የምመታው እኔ ነኝ፤ የኔን ምት አውቀዋለሁ። ልክ ፉጨቱ ሲመጣ የኔ ያልሆነ አንድ ምት በእግሬ በኩል ገባ።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። «ፉጨቱ ላይ? እርግጠኛ ነዎት?»

«ድራመር ነኝ።»

ናኦል የት እንደነበር ጠየቀችው። ሻንቆ ልጁ ጨለማውን ፈርቶ በሁለት እጁ ትከሻውን ጨምድዶ ይዞት እንደነበር፣ ጥፍሩ እስካሁን እንደሚያቃጥለው ነገራት። ናኦል አቀርቅሮ ተስማማ።

«እንግዲህ ልጁ እርስዎ ላይ ተለጥፏል፤ እርስዎ ጠረጴዛ ይመታሉ። ፉጨቱ ሲሰማ ያፏጨ ሰው ደግሞ ዘነዘና አላነሳም ማለት ነው» አለች። ሻንቆና ናኦል ሳይፈልጉ ወደ በሩ አዩ። በጨለማው ውስጥ ድምፅ ያልነበራት ትርፌ ብቻ ናት። ዘነዘናውም የእሷ ነው፤ ጠዋት ዳጣ የቀጠቀጠችበት፣ ወደ እጅ መታጠቢያው በሚወስደው መተላለፊያ ሙቀጫው ውስጥ ትታው ነበር።

የሻንቆ ሁለተኛ ፍርሃት ይኸው ነበር። ከቀናት በፊት ትርፌ ጓሮ ውስጥ ሀብተጊዮርጊስን እጁን ይዛ ስትለምነው አይቷል። ሲያዩት እጅ ለእጅ ተላቀቁ። ለኢንስፔክተሯ አልነገራትም፤ ጎረቤት ግን ነገራት።

«ምን ነበር የሚለምኑት፣ እትዬ ትርፌ?»

ትርፌ ሻሿን አስተካከለች። የመዘምራን ኅብረት አስተባባሪ ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ የምትናገረው በመዝሙር ብቻ ነው። «የእሱና የኔ ነገር ነው። ከእሱ ጋር ይቀበር።»

ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲሄዱ ሻንቆ እስከ በሩ ተከተላቸው። ገዳዩ ጦና ይሁን ብሎ ጸለየ። ሰው ሚስቱን ለማዳን ሙት ገዳይ ይሁንልኝ ብሎ ሲጸልይ እግዜርም ግራ ሳይገባው አልቀረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ትርፌን ከአንዲት ፖሊስ ጋር አምጥታ በሩ አጠገብ አቆመቻት። ሌሎቹን እንደ ትናንቱ አስቀመጠቻቸው። በሀብተጊዮርጊስ ወንበር ራሷ ስትቀመጥ ሻንቆ ዓይኑን ጨፈነ።

«ትናንት ያደረጋችሁትን አሁን እናድርግ። ዛሬ ግን ማንም ድምፅ አያሰማም፤ ካሴቱ ብቻ።»

ትርፌ መብራቱን አጠፋች። «ማንም ከቦታው እንዳይነሳ!» አለ ጦና፣ የሻንቆም ጀርባ ላብ በላብ ሆነ። የሕዝቡ ጫጫታ መጣ። ከዚያ ከማዕዘኑ፣ ከእስራኤል ራስ በላይ፣ ያ ፉጨት ሁለቴ ወጥቶ ሦስተኛው ላይ ተቆረጠ። መብራቱ በራ፤ ዓመለወርቅ ቴፑን አጠፋች።

«መምህር፣ አሁን አፏጭተዋል?»

«አላፏጨሁም። አታፏጩ ብለሻል።»

«ግን ፉጨት ሰማን፤ ከእርስዎ ማዕዘን። ጋሽ ሻንቆ፣ በሌላው ዓመት እንዴት ነበር?»

ሻንቆ አስታውሶ ነገራት። በሌላው ዓመት ሁለት ፉጨት ነበር፤ አንዱ ከካሴቱ፣ ሌላው ከእስራኤል፣ ሽማግሌው ለወጣትነቱ ሲመልስለት። ትናንት መልሱ አልነበረም። የናፈቀ ጆሮ ግን የጎደለውን ራሱ ይሞላል።

«ናኦል ናፍቆት የለበትም፤ የሰማውን ቆጠረ። አንድ አለ። ያ አንድ የካሴቱ ነው» አለች ዓመለወርቅ። «ስለዚህ መምህር ትናንት አላፏጩም። ታዲያ አፏጨሁ ብለው ለምን ነገሩኝ?»

እስራኤል መሐረቡን አጠፈ። «ሐዘን ያምታታል፣ ልጄ። አፏጨሁ መስሎኝ ይሆናል።»

«ያፏጩና እንስማ።»

ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ነፋስ ብቻ ወጣ፤ የላይኛው ጥርሱ ቀጭ ብሎ ከቦታው ተንሸራተተ። በፋሲካ ሰሞን ሐዋሳ ሄዶ ያሠራውን ሰው ሠራሽ ሙሉ ጥርስ ለማንም አልተናገረም ነበር። ሻንቆ ክትፎው ትዝ አለው።

«ቁርጥ የተዉት በጨጓራ አይደለም። ዳጣም አልነኩም፤ ሳህንዎ ይመሰክራል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ታዲያ ትናንት ያለቀሱት በአንድ ዓይን ብቻ ለምንድን ነው? ሰው ለወዳጁ ሲያለቅስ በሁለቱም ነው። ዘነዘናው ላይ ዳጣ አለ። እጅ ልታጠብ ብለው ሲያልፉ ወሰዱት፤ የቴፑ ቀይ መብራት የሀብተጊዮርጊስን ራስ አሳየዎት፤ በፉጨቱ ሰዓት መቱት፤ ከዚያ በዚያው እጅ ላብዎን ሲጠርጉ ዳጣው ዓይንዎን አቃጠለው።»

እስራኤል ግን ፈገግ አለ። «አንድ ነገር ቀርቶሻል። ለምን እገድለዋለሁ? የኔን ፉጨት አርባ ዓመት የጠበቀልኝን ሰው?»

ዓመለወርቅ ማስታወሻዋን ገልጣ መልሳ ዘጋችው። ምክንያቱን እንዳላገኘችው ሻንቆ ገባው። መልሱ ካልተገኘ ነገሩ ተመልሶ የሚወድቀው በሩ አጠገብ በቆመችው ላይ ነው። ወደ ሚስቱ ዞረ። ትርፌም አየችው፤ እጇ ወደ ማብሪያው ሄደ።

መብራቱ ጠፋ።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ሁለቴ ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ተቆረጠ። ያው ራሱ ነው። የቴፑ ቀይ መብራት ግን ጠፍቷል፤ ካሴቱ አይዞርም። ናኦል የሻንቆን ትከሻ እንደገና ጨመደደው፤ ሻንቆም በዚህኛው የልጁን እጅ መልሶ ያዘ። ነፍሱ በጆሮው በኩል የወጣች መሰለው።

መብራቱ ሲበራ የትርፌ ሁለት ጣቶች ከንፈሯ ላይ ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አለች። «የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥም እኔ ነበርኩ። ጨለማ ስለሆነ፣ ማንም ስለማያየኝ። ባለፈው ጓሮ ውስጥ ጭልፊት ጫጩት ልትወስድ ስትል ሳላስበው አፏጨሁ። ሀብቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። የራሱን ልጅ ድምፅ እንኳን እንደዚያ አያውቅም። ‹በበዓሉ ቀን በሰው ፊት እነግራለሁ› አለኝ። ተው ብዬ ለመንኩት፤ የመዘምራን አስተባባሪ ስታፏጭ ሊሉኝ ነው። ‹ለመምህር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፣ በድንገት ሰምቶ እንዳያፍር› አለኝ።»

ፈገግታው እስራኤል ፊት ላይ ቀስ እያለ ሞተ። ጥርሱን በእጁ ወደ ቦታው መለሰ።

«እናንተ ስም አላችሁ» አለ። «እኔ ያ ፉጨት ብቻ ነበረኝ። ሀብቴን ዝም በል አልኩት፤ ሳቀብኝ። ‹ምን አለበት፣ ፉጨት ነው እኮ› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሻንቆን ቀና ብሎ አላየውም። ሻንቆም የሚቆጣበት ጉልበት አጣ። አርባ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው የቆረጠው ሻኛ ሁሉ ዓይኑ ላይ ተደረደረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንጋባ ልነግርህ ነበር። አንተ ያን ሰሞን በእስራኤል ስም ትምል ነበር። ያንን እንዴት እወስድብሃለሁ?» አለችና ዘወር ብላ ሻሿን አሰረች። «ደግሞ ሁሌም ሰምተኸኛል።»

ሻንቆ ባዶውን ወንበር አየ። ከዚያ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ለሀብቴ ድገሚው» አላት።

ትርፌ ወደ ኢንስፔክተሯ አየች። ክራር ራሷን የሚያማት ሴት ከመስኮቱ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መልሳ ጋረደች፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ መብራቱን ራሷ አጠፋችላቸው።