የሀፊሩ አረም

ባንታምላክ ስለወደደኝ ውሃችንን ሊገድለው ነበር። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው።

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ የምንጠጣው ከሀፊሩ ነበር፤ የክረምቱ ዝናብ የሚጠራቀምበት፣ ከብትም የሚጠጣበት ጥልቀት የሌለው ኩሬ። አንድ ቀን ጀሪካኔን ስሞላ ውሃ ውስጥ ያለው ተክል እግሬን ጠለፈኝና ልወድቅ ስል የባንታምላክ እጅ ያዘኝ። ክረምቱን ሙሉ ሰሊጥ ሲያርም የከረመ ሻካራ እጅ ነበር። ቶሎ አለቀቀኝም፤ እኔም ልቀቀኝ አላልኩም።

«ይሄ አረም አንድ ቀን ይገድለኛል» አልኩት፣ የምለው ሲጠፋኝ።

እሑድ ሌላው ሲያርፍ እሱ እስከ ወገቡ ገብቶ ሀፊሩን ሲያርም ዋለ። ስደርስ ተክሉ ዳር ላይ ተከምሯል፤ በክምሩ ውስጥ ቀንድ አውጣና የውሃ ተርብ እጭ ይንፈራገጣል።

«አየሽ? ከእንግዲህ አይጠልፍሽም» አለኝ እየሳቀ።

«ምነው ባንታምላክ! ምን አደረግህ?»

ጎንደር ባዮሎጂ ስማር ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ጦርነቱ ያቋረጠኝ። እያለቀስኩ ነገርኩት። «የከብቱ እበት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ይመግበዋል። አልጌውን የሚበሉት ደግሞ ነጥብ የሚያካክሉ ነፍሳት ናቸው። ቀን ቀን ከዓሣ የሚደበቁት እዚህ ተክል ውስጥ ነበር። ቤታቸውን ነቀልከው!»

በአራተኛው ቀን ሀፊሩ አረንጓዴ ሆነ፤ ሸተተም። አጎቴ አያ ይታያል የሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ ሁላችንንም ሰብስቦ ቁርጡን ተናገረ።

«ለኅዳር ጽዮን ካልጠራ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ መተማ እንመለሳለን።»

ባንታምላክ ግን ከዚያው ሸሽቶ የመጣ ነው፤ ወሰኑን ቢሻገር ወታደሮች ይይዙታል። እኔ ስሄድ እሱ ይቀራል ማለት ነው።

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶን ነበር። ባንታምላክ ሳይደርስበት ከቀረው ጥግ ተክሉን እየቆረጥን፣ ከድንጋይ ጋር እያሰርን ወደ ውሃው መለስነው። ከብቱ እንዳይገባ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። ተቆጥቼው ነበር፤ ከቁጣዬ በላይ ግን እንዳላጣው ፈርቼ ነበር።

«ካልጠራስ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከእጄ ሳያነሳ።

«ዝም ብለህ እሰር።»

በጽዮን ዕለት ጠዋት አያ ይታያል ውሃውን በብርጭቆ ቀዳ። ጠርቷል! ወደ ፀሐይ ከፍ ሲያደርገው ግን ጥቃቅን ነገሮች ሲዘሉ አየ።

«ትል! ሰዉን ትል ላጠጣው?»



«አያ፣ ውሃውን ያጠሩት እኮ እነሱ ናቸው» አልኩና ነጠላዬን አጥፌ በሌላ ብርጭቆ ላይ አጠለልኩት። «እንዲህ አጥልለን፣ አፍልተን እንጠጣለን። እነሱ ከሌሉ ግን የሚጠለል ውሃም የለንም።»

አያ ይታያል ብርጭቆውን አየ፤ ነጠላውን አየ። ከዚያ ባንታምላክን ረጅም ጊዜ አየው። ለካ አሥራ ሁለቱንም ቀን ከዳር ሆኖ ሲያየን ነበር።

«አንተ» አለው፣ «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ለእሑድ ላክ።»

ባንታምላክ መሬት መሬት እያየ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ከእንግዲህ ግን» አለ አጎቴ ብርጭቆውን እየመለሰልኝ፣ «እሷን ሳትጠይቅ ምንም ነገር እንዳትነቅል።»